ከሚስማሯ የወረደች ስኒ

ጥር 8፣ ማክሰኞ
በረዶን እንደ ባዘቶ የምትዘረጋ፣ አመዳዩን እንደ አመድ የምትበትን፣ ለወንዙም ለመንገዱም ዳርቻ የሠራህ ጌታ ሆይ፣ ለዛሬው ደረቅ መንገድ ምስጋና ይግባህ። በወረዳው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊነት ከተሾምሁ ጀምሮ፣ በረዶ በተጠረጠረ ማለዳ ሁሉ እንደማደርገው፣ ገና ሳይነጋ የጠጠሩን መንገድ ነድቼ አየሁት። ደህና ነው። ለአውቶቡስ ነጂዎቹ ደወልሁ፤ ትምህርት አለ።

ከዚያ ላቮን ቁርስ ቤት። የደንበኞች ስኒ ግድግዳው ላይ በየሚስማሩ ይሰቀላል፤ የእኔ ከዴልበርት ጎን ናት። ዴልበርት የነፍሰ ኄር ባለቤቴ የግሬታ ወንድም ነው።

«ፕሮፌሰር፣ በረዶ እየመጣ ነው ይላል ጉልበቴ» አለኝ ዴልበርት፤ ከተሾምሁ ወዲህ በቀልድ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

«ባለፈው ሳምንትም ዋሽቷል ጉልበትህ።»

ጠረጴዛችን ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ... የከተማችን ትምህርት ቤት ይዘጋ ብዬ ለቦርዱ ሐሳብ ላቀርብ መሆኔን እንዴት ልንገረው?

የካቲት 20
በቦርዱ ስብሰባ፣ በከተማው ሰው ፊት ሐሳቤን አቀረብሁ። የቀሩት ልጆች ሠላሳ አንድ ብቻ ናቸው፤ ለሒሳብና ለሳይንስ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ አውጥተን አንድ አስተማሪ ስንኳ አልመጣልንም። ልጆቹ በአውቶቡስ የወንዙን ድልድይ እየተሻገሩ ኮርዴል ከተማ ይማሩ አልሁ።

ዴልበርት ቆቡን አውልቆ ተነሣ።

«የልጅ ልጄ ኪንሌይ ስድስት ዓመቷ ነው። እህቴ ግሬታ በበረዶ ተንሸራታ ከነመኪናዋ የወደቀችበትን ድልድይ ነው በየቀኑ የምታሻግራት?»

ድምፅ ይሰጥ ብዬ ወደ ቦርዱ ዞርሁ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሐሳቤ አለፈ።

የካቲት 21
ስኒዬ ሚስማሯ ላይ የለችም። ላቮን በወረቀት ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ።

«እኔ አይደለሁም፣ ሃርላን። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ናቸው አውርጂያት ያሉኝ።»

ዴልበርት ከጋዜጣው ቀና አላለም።

ነሐሴ 19
ትምህርት በኮርዴል ተከፈተ። ኪንሌይ በአውቶቡሱ መስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። አያቷ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር።

ኅዳር 27
የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ። ጎሕ ሳይቀድድ ወደ ድልድዩ ነዳሁ፤ ግሬታ ከሞተች ወዲህ ስሟን ሳልጠራ አልፌው አላውቅም። ከፊቴ የመኪና መብራት... ዴልበርት። ወርዶ በጫማው ተረከዝ በረዶውን ይፈትናል።

«ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ የምትመጣው?»

«ከመጀመሪያው ውርጭ።»

«በየማለዳው?»

«ትረሳለህ ብዬ።»

«እኔ? ይህን ድልድይ?»

በረዶውን እንደገና በተረከዙ መታው።

«ድልድዩ መስታወት ሆኗል። ትምህርቱን ዝጋው።»

«ዘግቻለሁ።»

ሳይሰናበተኝ ሄደ። ቆሜ ለነጂዎቹ ደወልሁ፤ ዛሬ ትምህርት የለም። ቤት ስገባ ስኒዋ ከነከረጢቷ መደርደሪያው ላይ ናት፤ አሁንም አላወጣኋትም።

ጌታ ሆይ፣ ስኒዋን ወደ ሚስማሯ ትመልስልኝ ዘንድ ስለምንህ ከርሜ ነበር። ትቼዋለሁ። ኪንሌይን በዚያ ድልድይ ላይ ጠብቅልኝ።