ባለ ሦስት ጠመንጃው ሞተር

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 6 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለየሺዓለም ዘገዬ
በርሚንግሃም

የኔ ጉረኛ ነርስ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሙሉነሽ ደህና ናት፤ ምላሷማ ከሷም በላይ ደህና ነው። ጽሕፈቱ የኔ እንዳልሆነ መቼም ሳታስተውዪ አትቀሪም። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መይሙና ናት፤ ያቺ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው። የኔን ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ይመስላል እያልሽ ስትስቂብኝ ኖረሽ የለ? እንግዲህ እንደ ሚኒስትር ጸሐፊ ይዣለሁ። ልዩነቱ የኔዋ መሃል ላይ መሟገቷ ነው።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ይሽጡት፤ የሠራው ፋብሪካ እንኳ ፈርሷል» ያልሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅሽም። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያንን ቢ.ኤስ.ኤ. የሚሉትን ሞተር ብስክሌት ከእንግሊዝ ጦር የተረፈውን ገዝቶ በራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሲያልፍ፣ ደብተራ ሳይቀር ዞሮ ያየው ነበር። ሲያርፍም «ለየሺ ጠብቅልኝ» ብሎ አደራ የሰጠው ለኔ እንጂ ለፋብሪካው አይደለም። እኔ በዚህ ስብሰለሰል፣ ለካ ቀበሌው ሊወስደው ኖሯል!

ነገሩን የጫረችው እናትሽ ናት። በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ተሰልፋ ሳለ አንዲት ሴት ተራዋን ልትቀማት ትሞክራለች። ሙሉነሽ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «አንቺ! እኔ እኮ ቤቴ ሦስት ጠመንጃ ያለኝ ሴት ነኝ!» ሰፈሩ የሞተሩን ዓርማ ማለቷ እንደሆነ ያውቃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድና በሎሚ የምትወለውለው እሷ አይደለችም? አዲሱ የአብዮት ጥበቃ አለቃ ግን የሰፈሩ ሰው ስላልሆነ አላወቀም። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። አልጋ ሥር ገቡ፣ የዱቄቱን ጆንያ ወጉ። በመጨረሻ እናትሽ ብርድ ልብሱን ከሞተሩ ላይ ገፈፈችና «ይኸውላችሁ፣ ማርኩት!» አለች። ቤንዚን ቋቱ ላይ የተሳሉት ሦስት ጠመንጃዎች እንደ ነዶ ተደጋግፈው ቆመዋል።

ጠባቂዎቹ ሳቁ። አለቃው ግን «የኢምፔሪያሊስት የጦር ዓርማ ነው፣ በስብሰባ ይታያል» ብሎ ወጣ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ ጓድ አርአያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጓድ ፍቅሬ፣ ይህ ሞተር የመሣሪያ ፋብሪካ ውጤት ስለሆነ ለቀበሌው ገቢ ይሁን ተብሏል። እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

ተነሣሁ። ያንን ሁሉ ዓመት የሞተሩን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈተፈትኩ ያነበብኩት ለካ ለዚያ ቀን ነው!

«ጓዶች፣ እውነት ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ጠመንጃ ሠሪዎች ነበሩ። ተሰባስበው በርሚንግሃም ላይ ፋብሪካ አቆሙ። ኋላ መንግሥታቸው ጠመንጃ ማዘዙን ቀነሰ። ታዲያ ምን ይብሉ? ያንኑ ብረት ብስክሌት አደረጉት። ከብስክሌቱ ሞተር ወለዱ። ጦርነት ሲመጣ ወደ ጠመንጃው፣ ሰላም ሲሆን ወደ መንኮራኩሩ። ዓርማቸውን ግን አልቀየሩም። ሰው ሥራ ቢቀይር የአባቱን ስም ይቀይራል?»

«እንግዲያው ዛሬም ጠመንጃ እየሸጡ ነዋ!» አለ አለቃው።

ይኼኔ ያ ያስከፋኝ ደብዳቤሽ ታወሰኝ። ከደረት ኪሴ መዘዝኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። በአንድ ዘመን በዓለም ያንን ፋብሪካ የሚያህል ሞተር ሠሪ እንዳልነበረ፣ የጃፓን ሞተር ገበያውን እንደወሰደበት፣ በመጨረሻም እንደተዘጋና አንቺ በአውቶቡስ ስታልፊ ፍርስራሹን እንዳየሽ።

«ጓድ ፍቅሬ» አለ አርአያ ቀስ ብሎ፣ «ደብዳቤውን ገልብጠው ነው የያዙት።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የተገለበጠ ከበርቴ ወሬ እንዴት ተቃንቶ ይነበባል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መይሙና ደጋግማ ስላነበበችልኝ ደብዳቤው በቃሌ ነበር። አርአያም ሳቁን በጉሮሮው ጠርጎ ወሰነ፦ ሞተሩ ከወደቀ ካፒታሊስት የተገኘ ምርኮ ስለሆነ በእጄ ይቆይ፤ ግን በላብ አደሮች ቀን የቀበሌያችንን ሰልፍ ይምራ።

መራነው! የነዳው የመይሙና ባል አብዱልሃሚድ ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ለሕዝቡ እጄን አውለበለብኩ። የክብር እንግዳ መቼ ራሱ ይነዳል? አራት ኪሎ ስንደርስ ሞተሩ ቀጥ። ባንዲራ ያዦቹ መጥተው ተላተሙብን። ወርጄ ካንዴላውን በዳበሳ ፈታሁና በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ መለስኩት፤ አብዱልሃሚድ አንድ ጊዜ ቢረግጠው አጓራ። ሰው አጨበጨበ። አለቃው ራሱ አጨበጨበ።

እዚህ ላይ መይሙና ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ጋሼ ፍቅሬ፣ ዋናውን ነገር እኮ አልነገሯትም» አለችኝ። ዋናው ነገር ባልሽ ማርሽ መቀየር አለማወቁ ነው፣ እሱንም ጻፊው አልኳት። ይኸው ጽፋዋለች፤ ፊቷ ግን እንደተኮሳተረ ከድምጿ ያስታውቃል።

እንግዲህ ልጄ፣ አልሸጥነውም፤ አልተወሰደምም። የአባትሽ አደራ ብርድ ልብሱን ለብሶ ይጠብቅሻል። ቁልፉ በሩ አጠገብ ሚስማሩ ላይ ነው፤ እጄ ራሱ ሄዶ ያገኘዋል። አንቺ እዚያ ሳለሽ መንዳት ተማሪ። አደራ፣ ከአብዱልሃሚድ የተሻለ ተማሪ። ሴት ልጅ ያንን ሞተር ይዛ ፒያሳን ስትወጣ ስንቱ ማኪያቶውን ከረባቱ ላይ እንደሚያፈስ አስቢው!

የአራዳው ጊዮርጊስ በፈረሱ ይከተልሽ፤ የሱ ፈረስ ካንዴላ አያስቸግረውም። በእጅሽ የምታክሚው ሁሉ ይዳን። የሄድሽበት ይቅናሽ፤ እግርሽ ደግሞ ቤቱን አይርሳ።

ስትመጪ ከኋላሽ እቀመጣለሁ። ነፋሱ ዓይኔን ስለሚያስለቅሰው ጨፍኜ ነው የምሄደው። አንቺ ግን በቀስታ እየነዳሽ፣ የምናልፍበትን ሁሉ አንድም ሳታስቀሪ፣ እየጮኽሽ ንገሪኝ።

አጎትሽ
ፍቅሬ