በትከሻህ ላይ ያለው እጅ

ሐረር፣ አቦከር
ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለኢክራም አባት፣ ለሪድዋን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጅዳ ላይ ሙቀቱ በርዶላችሁ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የኢክራም የፊት ጥርስ ወለቀ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

በኢሜይል የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። «ለዒድ በተነሳችሁት ውስጥ አስገቢኝ» ብለሃል። እናትህም ጠዋት ማታ ይጠይቁኛል። «ልጄ፣ ግድግዳዬ ላይ አንድ ላይ ልያችሁ። ጎረቤት ምን ይላል?»

ሞከርኩ።

ፎቶ ቤት ሥራ ከገባሁ ወዲህ በኮምፒውተር የምለማመደው ነገር አለ። የግድግዳ ወይም የዝገት ፎቶ በሰው ፎቶ ላይ ደርቦ፣ ከሥሩ ያለው ሰው እስኪታይ ማሳሳት። ለየብቻ የተነሱ ሰዎች አንድ ቆዳ ይለብሳሉ። መገጣጠሚያው ይጠፋል።

ኤረር በር ሄጄ ኖራው የተላጠ ግንብ አነሳሁ። አንተ ላይ ሳሳርፈው ፊትህ እከክ የወረሰው መሰለ። ከጊደር መጋላ ገበያ የጆንያ ፎቶ አንስቼ መጣሁ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሙሉጌታ ከኋላዬ ቆሞ ሳቀ።

«ሀኒ፣ ሰውየውን ጆንያ ውስጥ ከተትሽው እኮ! ገበያ ልታወጪው ነው?»

አልሳቅኩም። ኖራውን እንደገና ደረብኩ፣ አሳሳሁት።

ተሳካ። አብረኸን የሰገድክ፣ አብረኸን የበላህ ትመስላለህ። የገዛ እጄን ጠላሁት። ምሳዬን ከፍቼ መልሼ ከደንኩት።

ኢክራም ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባ መጥቶ ነበር? ተኝቼ ነው ያላየሁት?»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«ይሄስ የማን እጅ ነው?»

በትከሻህ ላይ። ፎቶውን ስትቆርጠው የቀረ። የሴት ጣቶች፣ ሂና የተቀቡ።

ኖራውን ትንሽ ባወፍረው ይሸፈናል። እችላለሁ። መቻሌ ነው የሚያስጠላኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ እየተለሰነ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ይመስለኛል አሁን። ሰው ቤት ስገባ ፎቶ ማየት ፈራሁ።

ከፎቶው አወጣሁህ።

ለእናትህ እኔና ኢክራም ብቻ ያለንበትን ወሰድኩላቸው። ምንም ያልተደረበበትን። ብዙ አዩት።

«ልጄስ?»

«ጅዳ ነው» አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁኝም። መዶሻ አምጪ አሉኝ፣ ሚስማሩን ራሳቸው መቱት።

ያንተን አሳትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። አልነካሁትም። ከነእጁ ነው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። እሷንም።

ሀናን