የአንድ ስንዝር ሕግ፦ የጀልባ ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ የእትዬ ስንዝር የሕይወት ታሪክ

በወደቡ ሰው ሁሉ ዘንድ «እትዬ ስንዝር» ተብለው የኖሩት እህታችን፣ ከጀልባ ሠሪው አባታቸውና ከመረብ ጠጋኟ እናታቸው፣ በየካቲት ወር 1947 ዓ.ም. ከጀልባ መሥሪያው ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ዕለት የጀልባ ስንጥቅ በሬንጅ ሲደፍኑ ውለው ስለነበር፣ አዋላጇ በዚህ እጅ ልጅ አይታቀፍም ብለው ከበር መለሷቸው። ሬንጁም በቀላሉ አልለቀቀ፤ የበኩር ልጃቸውን ያቀፉት በአራተኛው ቀን ነው። እትዬ ስንዝርም፣ ከሥራ በፊት እጅ ይታጠብ የሚለውን ሕግ ገና በተወለድኩ በመጀመሪያው ቀን አውጥቻለሁ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈውና አሁን ቆሞ የሚያነበው፣ በዘጠኝ ዓመት የሚያንሳቸው፣ የጀልባ ነጂ የሆነው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ጽሑፉ አጭር ይሁን፣ የቃጠሎው ነገርም ይውጣ፣ ለቀብር የሚሆን ወሬ አይደለም ብሎ ነበር። ጽሑፉ አላጠረም፣ የቃጠሎውም ነገር አልወጣም። በወደቡ ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ «የቃጠሎው መነሻ የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ የሥራ ጉድለት ነው» የሚል ወረቀት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አለ። አፈር ሳይመለስባቸው በፊት ያ ወረቀት መልሱን ማግኘት አለበት። ፀሐዩ የከበደው ጥላውን ይዘርጋ።

እትዬ ስንዝር እስከ ስምንተኛ ክፍል በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. በቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ክፍል ለመመዝገብ ወረፋ ያዙ። መዝጋቢው ቀና ብለው አዩአቸውና የልብስ ስፌት ወረፋ በዚያ በኩል ነው አሏቸው። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። መዝጋቢው ምሳ በልተው ሲመለሱ እዚያው ነበሩ፤ በማግስቱም ነበሩ፤ በሠልስቱም ነበሩ። በመጨረሻ መዝጋቢው ነገሩን በዚያው ለመገላገል ከጠረጴዛ ሥር አንድ አልሠራ ያለ ማራገቢያ አውጥተው፣ ይህን ካስነሣሽ እመዘግብሻለሁ አሉ። ማራገቢያው ጤነኛ ነበር። የተበላሸው የግድግዳው ሶኬት ነው። ማራገቢያውን ሌላ ሶኬት ላይ ሰክተው አስነሡትና በዚያው ቀን ተመዘገቡ። ዕድሜ ልካቸውን የሚያናድዳቸው ነገር ቢኖር፣ ጤነኛ ዕቃ ያለ ጥፋቱ ተበላሽቷል መባሉ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. በማዕረግ ተመርቀው ሦስት ዓመት በአንድ የባትሪ ቻርጅ ቤት ሠሩ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በወደቡ የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ያኔ አንድ ጀልባ አንድ ባትሪ ነበረው። ያው ባትሪ ሞተር ያስነሣል፣ መብራት ያበራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሬዲዮም ያዘፍናል። ነጂው ሲዘፈንለት ይውልና ለመመለስ ቁልፍ ሲያዞር ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ «ትክ» ብቻ ብሎ ይቀራል። እትዬ ስንዝር ጀልባውን ሁሉ በየተራ ይዘው ሁለት ሁለት ባትሪ አስገቡለት፤ አንዱ ለሞተሪኖ ብቻ፣ ሌላው ለቀረው ሥራ። የሞተሪኖውን ባትሪ ለዘፈን የሚያውል ሰው መቅዘፊያ ይግዛ ይሉ ነበር። መለኪያው ቴስተር አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ቮልት ካሳየ «ጠግቧል»፣ ወደ አሥራ ሁለት ከወረደ «ተርቧል» ይላሉ፤ የተራበ ባትሪ ሳይሞላ ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ነጂ ከአፋቸው አያመልጥም ነበር።

ስማቸውን ያወጣላቸው ግን ፊውዙ ነው። ከባትሪ የሚወጣ ሽቦ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ማግኘት አለበት፤ ይህ የእትዬ ስንዝር የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሕግ ነው። ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ ባትሪው ያለ የሌለ ኃይሉን ይለቅበትና ሽቦው ግሎ ይነዳል። ፊውዝ ካለ ግን ፊውዙ ቀድሞ ይቀልጥና ኮረንቲውን ይቆርጠዋል። ሥራ ሲያስረክቡ የጀልባውን ባለቤት በግድ ጎንበስ አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን ባትሪው ላይ፣ ትንሿን ጣታቸውን ፊውዙ ላይ አሳርፈው ያሳዩታል። ቁመታቸውም እጥር ምጥን ያለ ስለነበር ቅጽል ስሙ በሁለቱም በኩል ልክ ሆነላቸው። አጭር ናት ለማለት ፈልጎ ስንዝር የሚላቸውን አፍ አፉን ይሉታል፤ ለሥራቸው ብሎ የጠራቸውን አቤት ይላሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደሚለዩት ማንም አላወቀም።

በ1973 ዓ.ም. ከወደቡ ትኬት ቆራጭ ጋር ትዳር መሠረቱ። ትኬት ቆራጩ አንዲት ሬዲዮ ይዘው በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተበላሸችብኝ እያሉ ተመላለሱ። በሦስተኛው ጊዜ እትዬ ስንዝር ሬዲዮዋ ምንም እንዳልሆነች፣ የታመመው ባለቤቷ እንደሆነ ነገሯቸው። ከዚህ ጋብቻ ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ፤ ታላቋ አስተማሪ ሆነች፣ ታናሿ የእናቷን ፒንሳ ወረሰች።

ታኅሣሥ 11 ቀን 1994 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ አሥራ አራት ሰው የጫነች አንዲት የማመላለሻ ጀልባ ከወደቡ ፈቀቅ እንዳለች ከወለሏ ሥር እሳት ተነሣ። የጀልባዋን ሽቦ የዘረጉት እትዬ ስንዝር ነበሩ። ጀልባዋን የሚነዳት ይህ ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ነጂው መሪውን አዙሮ ዳር አሸዋው ላይ አወጣትና ሰዉን አወረደ። አንዲት ነጋዴ ክንዷን ተቃጠለች፤ ሌላው በሰላም ወጣ፤ ጀልባዋ ነዳ አለቀች።

ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ሰው ያለበት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ጫማው አመድ እንዳይነካው ከወደቡ የመሳፈሪያ መድረክ ላይ ቆሞ አጣራ። ወደ ተቃጠለችው ጀልባ ሆድ በእንብርክካቸው የገቡት እትዬ ስንዝር ብቻ ናቸው። ፊውዙ ከነበረበት ቦታ አንድ ነገር በፒንሳ ነቅለው አወጡ፣ አገላብጠው አዩት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም።

በዚያው ሳምንት ሁለት ወረቀት ወጣ። አንደኛው ለነጂው ነው፤ በቆራጥነት የመንገደኞችን ሕይወት ስላዳነ የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጠው፣ ተጨበጨበለትም። ሁለተኛው ለእትዬ ስንዝር ነው፤ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን አምነው ከፈረሙ የስድስት ወር እገዳ፣ ካልፈረሙ የሥራ ፈቃዳቸው እስከ ወዲያኛው እንደሚነጠቅ ይገልጻል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እስክሪብቶውን ከፍተው አቀረቡላቸው። እትዬ ስንዝር እስክሪብቶውን ከድነው መለሱላቸው።

«እጄ ያልሠራውን እጄ አይፈርምም» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሃያ ሁለት ዓመት በወደቡ ውስጥ ያለ ጀልባ እንዳይነኩ ተከለከሉ። ሰው ቤታቸው ገብተው ይቀመጣሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ከወደቡ በር አርባ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ከኃላፊው መስኮት ፊት ለፊት፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው «የባትሪ ሐኪም» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ክልከላው ጀልባ አትንኪ ይላል እንጂ ባትሪ አትንኪ አይልም። ነጂዎች ባትሪያቸውን በጋሪ እየገፉ በዚያው በር እያለፉ ይመጡላቸው ጀመር። ጀልባው ላይ መሠራት ያለበትን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ሥለው ያስረዱታል፤ ነጂው ሄዶ ይሞክራል፤ ተሳስቶ ሲመለስ የልኩን ይነግሩታል፤ ደግሞ ይሄዳል። ዛሬ በዚህ ወደብ ሽቦ የማያውቅ ነጂ የለም። ለዚህ ጽሕፈት ቤቱን ከልብ እናመሰግናለን።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 11 ቀን አራት መስመር ማመልከቻ በእጃቸው ጽፈው ያስገቡ ነበር፤ ሥራዬ ትክክል ነው፣ ወረቀቱ ይሰረዝ የሚል። አራት ኃላፊዎች ተፈራርቀዋል። አንደኛው በቅንነት፣ እማማ ይፈርሙና ይገላገሉ፣ ፈቃድዎን ዛሬውኑ እመልስልዎታለሁ ብለዋቸዋል። አንድ ስንዝር ፈቀቅ አላሉም። ሃያ ሁለት ማመልከቻ አስገብተው አንድም መልስ አላገኙም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በያዛቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው ከአምስት ቀን በፊት ታናሽ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው ሄዶ ነበር። ከትራሳቸው ሥር አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አውጥተው በእጁ አስያዙትና እንዲህ አሉት፦

«ይሄን የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ አልናገርም። ስትቀብረኝ ግን ዝም ብለህ እንዳትቀብረኝ።»

ቆርቆሮዋ ይቻትና። በውስጧ ያለው ግማሹ የቀለጠ የመዳብ ሽቦ ቁራጭ ነው። ኮሚቴው ያላየው፣ እትዬ ስንዝር ያን ቀን ኪሳቸው የከተቱት ይህን ነው። ያልቀለጠው ጫፍ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ተጠምዝዟል። ሽቦ ወደ ግራ የሚጠመዝዝ ግራኝ ነው። ከአባታችን ልጆች መካከል ግራኝ አንድ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ «ነጂው» እያልኩ ማንበብ አልችልም። ያን ቀን ጠዋት የጀልባዋ ውሃ መቅጃ ፓምፕ ጨርቅ ጎርሶ ሲታገል ፊውዙ ቀለጠ። መቅለጡ ትክክል ነበር፤ ሥራው ነው። እታለም ሁለት መለዋወጫ ፊውዝ ከባትሪው ሣጥን ክዳን ሥር በናስትሮ ለጥፋልኝ ነበር። ክዳኑን ለመክፈት አራት ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። መንገደኞች ያጉረመርማሉ፣ እኔ ቸኩያለሁ። ከኪሴ ሽቦ አወጣሁና በፊውዙ ቦታ ጠመዘዝኩት። ሽቦ ደግሞ እንደ ፊውዝ በጊዜ ቀልጦ አይቆርጥም፤ መስመሩ ግሎ እሳት እስኪነሣ ኮረንቲውን ያሳልፋል። አራት ብሎን ለመፍታት ሰንፌ ነው። ፊውዙ ስንዝሩ ላይ ነበር፤ እሷ ባስቀመጠችው ቦታ ነበር፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የተጨበጨበልኝ፣ እኔው ካስነሣሁት እሳት ሰው ስላወረድኩ ነው።

እሷ ጠምዛዛውን ስታይ በዚያችው ደቂቃ አውቃኛለች። ለምን አላወጣችም የሚል ካለ፣ ባለቤቴ በዚያ ሳምንት አራተኛ ልጃችንን ታቅፋ አራስ ቤት ነበረች። እታለም ራሴ እስክናገር ጠበቀችኝ። ልጄ ስትድህ ሰበብ ነበረኝ፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ሰበብ ነበረኝ፤ ልጆቹ ሁሉ አድገው ሰበብ ሲያልቅብኝ ዝምታው ለመደኝ። በየታኅሣሡ ያን ማመልከቻ ይዛ ከፊቴ ስታልፍ አያት ነበር፤ አፈርኩ እንጂ አልተናገርኩም። ያን ቀን ክንዳቸው የተቃጠለው ነጋዴ እናትም እዚህ መካከላችን ስላሉ፣ ይቅርታ የምለምነው በእናንተ ፊት ነው።

የጽሕፈት ቤቱም ሰዎች በእኔ ጥፋት ጀርባ አይሸሸጉ። ከሦስት ሰው አንዱ ጎንበስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሽቦው እዚያው ነበር። አሁን ያሉት ኃላፊ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆመዋል፤ ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ ባዶ እጃቸውን ግን አይመለሱም። የምስጋና ወረቀቴና የመንጃ ፈቃዴ እዚህ ፖስታ ውስጥ ናቸው፤ ቆርቆሮዋም አብራ አለች። ይህ አሁን ያነበብኩት ጽሑፍ ሃያ ሦስተኛው ማመልከቻ ነው። ተፈርሞበታል፤ በግራ እጅ።

እትዬ ስንዝር ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በጠመኔ ያስተማሯቸውን የወደቡን ነጂዎች በሙሉና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ላስታመሟቸው ሐኪሞችና አብረውን ለቆማችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድሩን ይክፈልልን። ነፍሳቸውን የደከሙ የሚያርፉበት፣ እውነት ምስክር የማያጣበት ቦታ ያኑርልን።

እታለም፣ ዝም ብዬ አልቀበርኩሽም። ስንዝር ታህል ጥፋት አልነበረብሽም።