ከእጅሽ የነጠቅኩት ማር

የኔ ተዋበች፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ሦስት ቀን ቀረው፤ መስቀል ደረሰ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልሽ ጊዜ አጥቼ አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ቤታችን እንዳለ ነው። ሱቁን አንቺ በምትጠዪው አረንጓዴ አስቀባሁት፣ ቡታጅራ ሌላ ቀለም አልተገኘም። የጃንሆይን ፎቶ መልሼ ሰቀልኩ። የስኳር መርፌሽን ትቀቅዪባት የነበረችውን ድስት እናቴ ሰው ሲመጣ ትደብቃታለች፤ እኔ መልሼ አወጣታለሁ። ስትወጊ ዓይኔን ስጨፍን እንዴት ትስቂብኝ ነበር።

ያን የመስቀል ቀን ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ሁሉ አባቴ ቤት ተሰብስቦ ነበር። በጠዋት መርፌሽን ተወግተሻል፤ ወዲያው መብላት ነበረብሽ። እኛ ዘንድ ግን ሽማግሌ ሳይመርቅ ክትፎው አይነካም፣ ምራት ደግሞ የምትበላው ከሁሉም በኋላ ነው። ትልቁ አጎቴ ከእንሴኖ እስኪደርሱ ተጠበቀ። መኪናው ዘግይቶ ቀትር ሆነ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ማን ፊት ራበኝ ትላለች?

ቆጮውን ስታቀርቢ እጅሽ ተንቀጠቀጠ፣ ፊትሽን ላብ አጠመቀው። አባቴ ምን ሆነሽ ቢሉሽ፣ ቀና ብለሽ እንኳ የማታያቸውን ሰው «ተወኝ» ብለሽ አንተ አልሻቸው። ምላስሽ ተኮላተፈ። አንዱ ጠጅ ቀምሳለች ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። እኔ የታየኝ የራሴ ውርደት ብቻ ነበር። ክንድሽን ይዤ ጓዳ አስገባሁሽና ተቆጣሁሽ። አንቺ የማሩን ቅል አነሳሽ።

«ትንሽ ማር» አልሽኝ።

የስኳር በሽተኛ ደግሞ ምን ማር ያስበላታል ብዬ ነጠቅኩሽ። ተኝተሽ ስካርሽ ይብረድልሽ ብዬም በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ምርቃቱ ላይ አሜን ስል ቆየሁ። ተመልሼ ስገባ አልነቃ አልሽኝ።

ሐኪሙ እኮ ከሆስፒታል ስትወጪ ነግሮን ነበር። ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ያለ ጠባይዋ ከተቆጣች፣ አፏ ከተያያዘ ስኳሯ ወርዷልና ቶሎ ጣፋጭ ስጣት ብሎኛል። እሺ፣ እሺ ስለው ልቤ ሱቁ ጋ ነበር። ስኳር አታብዛ የሚለውን ብቻ ይዤ መጣሁ። ዘመድ አማቷን አንተ ብላ የሳቸው እርግማን ገደላት ሲል ደግሞ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ሰማሁ።

ባለፈው ወር የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ልጅ ነፊሳ ሱቁ በር ላይ እናቷን ስትሰድብ ደረስኩ። እሷም እንዳንቺ መርፌ ጀምራለች። ላቧን አየሁ። እናቷ ለጥፊ ያነሱትን እጅ ያዝኩና ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። ጥቂት ቆይታ ምን ሆኜ ነበር አለች። እትዬ ዘሀራ አላህ ይስጥህ ብለው መርቀው ከማን ተማርከው ሲሉኝ፣ ከሐኪም አልኩ። ስምሽን መጥራት አቃተኝ። ተዋበች፣ ከቀብርሽ ቀን ይልቅ ያን ቀን በራሴ አፈርኩ።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም። ነገ እትዬ ዘሀራ ጋ ሄጄ ከማን እንደተማርኩት እነግራቸዋለሁ። በመስቀልም ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ፣ ምርቃቱ ሳይጀመር አባቴ ፊት እቆማለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ እዚያው ቆሜ የምለው ይህንን ነው፦

«ተዋበች አልሰከረችም። ርቧት ነበር። ማሩን የነጠቅኳት እኔ ነኝ።»

ባልሽ ደሳለኝ