ከስፌቱ ውስጥ የተገኘው ጨርቅ

ለምወድህና ለማኮርፍብህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ሁለቱ ሴቶች ልጆችህ አደጉ? ትልቋ አሁንም ጥፍሯን ትበላለች ወይስ ተወችው? ለሁላችሁም ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ። ስለ እኔ የጠየቅክ እንደሆነ፣ ሱቁ ደህና ነው። የስፌት መኪናው ዘይት ጠጥቶ ድምፁ ተስተካክሏል፤ ካውያው ግን እንደ ባለቤቱ ቶሎ እየጋለ አስቸግሮኛል። ስልክ ብደውል አታነሳም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስቴም ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ እንግዲህ ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ።

ወሬው ይኸውልህ። ወንድም ዓለም፣ መንግሥት ፈቀደ! የአባባን በሽታ የሚያጠናው ቡድን የአምስት ዓመት በጀት ተሰጠው። ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት መጣ፤ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ይህን ደግሞ ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግርህ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ ያቺ ሰሌዳ ፊት ስትጠራ ስሟ የሚጠፋባት እህትህ! ኩራት ኩራት ብሎኛል፣ ምን እደብቅሃለሁ። ለገባ ለወጣው ደንበኛ ሁሉ ሳወራ የሰው ሱሪ ሳላሳጥር ሁለት ቀን አለፈኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ችኩል ነህና ገጽ እንዳትዘል። አባባን በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ያከመችውን ሐኪም ታስታውሳታለህ፤ ቀብሩ ላይ አንተ ከኋላ ቆመህ ሳለ ነጭ ጫማ አድርጋ የመጣችው። ይህ ሰው ሰካራም አይደለም፣ አንጎሉ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ ነው ብላ መጀመሪያ የነገረችን እሷ ናት። በሽታው ስም አለው፤ ግን ርዝመቱ አፌ ውስጥ አይገባልኝም። በአገሩ ሁሉ የታወቁት በሽተኞች ስልሳ ሁለት ብቻ ናቸው። ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ከሁለት ልጅ አንዱን ይይዛል፣ ወይም ሁለቱንም ይይዛል፣ ወይም ሁለቱንም ይምራል፤ ዕጣ ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ። ነግረንህ ተዉኝ ብለሃል።

ሐኪሟ ይህን በሽታ ያዘገያል የምትለውን መድኃኒት ስታጠና ስንት ዓመቷ። አይጥ ላይ ሠርቷል። ሰው ላይ ለመሞከር ግን በጀት ያስፈልጋል፤ መድኃኒት ፋብሪካዎቹ ደግሞ ለስልሳ ሁለት ሰው ብለን አንነሳም አሏት። መንግሥትን ጠየቀች፤ አምና ከለከላት። ምክንያታቸው እንዲህ ነበር፦ መድኃኒቱ የሚረዳው ሕዋሳቱ ሳያልቁ ቀደም ብሎ ከተሰጠ ነው፤ በሽታው ከመቼ ጀምሮ ሰውየው ውስጥ እንዳለ ግን ማስረጃ አላመጣሽም። እውነታቸውን ነው። በሽተኛው ሁሉ ሐኪም ቤት የሚመጣው እጁ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ማን ጽፎት?

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሱቅ ውስጥ ቆማ የጋውኗን እጅጌ በስፒል ስይዝላት ነው። ክንዷ አጭር ስለሆነ የሆስፒታሉ ጋውን ሁሉ ጣቶቿን ይውጣል። ጠረጴዛው ላይ የጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ ኮት ነበር፤ ከስቶ ኮቱ ስለሰፋው አጥብቢልኝ ብሎ ያመጣው፣ አባባ የሰፋለት ኮት። አንዱን እጅጌ ጨርሼ እሷ ወሬዋን ስትቀጥል፣ እጄ ሥራ አይፈታምና ምላጭ አንስቼ የኮቱን ጎን መፍታት ጀመርኩ። ወዲያው ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ውስጥ ለስፌት የተተወው ትርፍ ሦስት ጣት ሙሉ!

አንተ መቀስ ከጣልክ ብትቆይም ይህን አትረሳም። ጨርቅ ስንቀድ ከልኩ ውጭ ለስፌት የምንተወው አንድ ጣት ነው። አባባ አንድ ጣት፣ ከዚያ ያለፈ ብክነት ነው እያለ መዳፋችንን በማስመሪያ ያቀላው የለም እንዴ? ታዲያ ራሱ ሦስት ጣት የተወው ምን ነክቶት ነው? ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ። መቀሱን ስላላመነው ነው። እጁ ከመስመሩ ሊወጣ እንደሚችል ማንም ሳያውቅ እሱ አውቆታል። ወደ ውስጥ ከሳተ ኮቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ቀደደ።

ለሐኪሟ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ኮቱ የተሰፋው መቼ ነው አለችኝ። የልክ ደብተሩን አወጣሁ። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ ቀኑ ሳይቀር በአባባ እጅ ተጽፏል። ኮቱ የተሰፋው እጁ በግልጽ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ አምስት ዓመት በፊት ነው። ሐኪሟ አንድ እጅጌዋ እንደረዘመ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ስፒሉ ወጋት፣ እሷ ግን ልብም አላለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ወር አትጠይቀኝ። ደብተሩን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። አባባ የሰፋላችሁን ልብስ አውጡልኝ፣ ፈትቼ ለክቼ እንደነበረ እሰፋዋለሁ አልኩ። አንዳንዱ ለየላት አለ። አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ኮት ስፈታ አጠገቤ ተቀምጣ የሚወድቀውን ክር አንድ በአንድ ስትለቅም ዋለች። በጠቅላላው ሰማንያ ሦስት ልብስ ፈትቻለሁ። ሐኪሟ ልኩን ከቀኑ ጋር እያያዘች ወረቀት ላይ በነጥብ አስቀመጠችው። ለብዙ ዓመታት አንድ ጣት፣ አንድ ጣት እያለ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከዚያ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። መውጣት የጀመረው መንቀጥቀጡ ከመታየቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባባ ለብቻው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ያኔ ደንበኛው ጨርቁን ራሱ ገዝቶ ያመጣ ነበር፤ ከቅዱ የተረፈው ቁራጭም ይመለስለታል። ቁራጩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ከናካቴው ጠፋ። ሰፊው የሰው ጨርቅ ይሰርቃል ተባለ። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው በሰው ፊት ሌባ አለው። አንተም የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርክ፤ ከአባባ ጎን በመቆም ፈንታ ጨርቁ የት ሄደ ብለህ ጠየቅከው። አልመለሰልህም። ሜትሩን ከአንገትህ አውልቀህ ጠረጴዛው ላይ ጣልክና ወጣህ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነህ ቀረህ። አንተን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ጠርጥሬው ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ አልጋው ሥር ገብቼ ፈልጌያለሁ፣ ሣጥኑንም በርብሬያለሁ። አንዲት ቁራጭ አላገኘሁም፤ ጥርጣሬዬን ግን አልተውኩም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ላንተ የመጀመሪያዬ ነው።

ጨርቁ ለካ የትም አልሄደም! ከሳሾቹ ሁሉ በገዛ ኮታቸው ውስጥ ለብሰውት ሲዞሩ ነበር። እንዲያውም የዚህ ሰፊ ኮት ይሞቃል እያሉ ያመሰግኑት አልነበር? የሰዓት ሠሪውን ኮት እዚያው ሱቁ ሄጄ፣ ደንበኞቹ እያዩ ፈታሁለት፤ ሆን ብዬ ነው። ትርፉን ዘርግቼ ተሰረቀብኝ ያልከው ጨርቅ ይኸውልህ፣ አጉድሎ እንደሆነ ለካው አልኩት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ዓመት ዘገየሁ አለኝ። አባባ ከተቀበረ ሰባት ዓመት አልኩት። አላዘንኩለትም ብል ውሸት ነው፤ ግን ቀለለኝ። አባታችን የሰው ጨርቅ አንዲት ጣት አልነካም፤ አደባባይ ወጥቼ ብጮኸው ደስ ባለኝ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ረዥም ጠረጴዛ ባለበት አዳራሽ ነው፤ ሰባት ሰው፣ ሰባት የውሃ ጠርሙስ። ሐኪሟ የሳይንሱን አስረዳች። ከዚያ የበጀት ባለሙያው፣ ክራባቱ የተጣመመ ሰውዬ፣ ለስልሳ ሁለት ሰው ይህን ያህል ማውጣት ለሌላው ሕዝብ ፍትሕ ነው ወይ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥያቄውም ጥያቄ ነው። ሐኪሟ ልትመልስ ስትል እኔ ብድግ አልኩ። ማን ፈቀደልሽ በለኝ፤ ማንም። ጌታዬ፣ የግራ ትከሻዎ ከቀኙ ዝቅ ይላል አልኩት። ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጠልኩ፦ ፋብሪካ የሚሰፋው ትከሻው እኩል ለሆነው ነው፣ ብዙ ይሸጥለታላ፤ ለእርስዎ ትከሻ ግን ልብስ ሰፊ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚይዘው በሽታ ፋብሪካ አያጣም። ለስልሳ ሁለቱ መንግሥት ካልሰፋላቸው ማን ይስፋላቸው? ራቁታቸውን ይሂዱ? ሰውየው ትከሻውን ዳበስ ዳበስ አደረገና ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ።

ሰብሳቢዋ ግን ፈገግም አላለች። አምና የጎደለው ማስረጃው ነበር፣ ይዛችሁ መጥታችኋል ወይ አለች። ከቦርሳዬ ሁለት ኮት አወጣሁ፤ አንዱ አባባ ጤነኛ ሳለ የሰፋው፣ ሌላው የሒሳብ አስተማሪው፣ ትርፉን እንዳለ መልሼ የሰፋሁት። ምላጬን በር ላይ ጥበቃው ቀምቶኝ ስለነበር ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ ሁሉም እያዩ ፈታኋቸው። ሰብሳቢዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በራሷ እጅ ለካች። አንድ ጣት። ሦስት ጣት። ደግማ ለካች። ከዚያ የልክ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ይህ ሰው በእያንዳንዱ ልክ ላይ ቀን የሚጽፈው ለምን ነበር አለችኝ። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ቀን የሌለው ልክ ልክ አይደለም ይል ነበር አልኳት። እስክሪብቶ አንሥታ ጻፈችው። ወንድም ዓለም፣ የአባባን ቃል እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ስትጽፈው አየሁ! እንባዬ መጣብኝ፤ ኮቱን የማጥፍ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ውሳኔው መጣ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የልብስ ሰፊው የልክ ደብተር ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ቅጂውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ልጆችህ ያንብቡት፣ አያታቸው ማን እንደነበር ይወቁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባለቤትህ ደውላልኝ ነበር፤ አደራህን እንዳትቆጣት። መሪ ትተህ ትኬት መስኮት ተቀምጠሃል አለችኝ። ዓይኔ ደክሞ ነው ብለሃታል። አንድም ሰው ሳትገጭ፣ ማንም ሳያስገድድህ ቁልፉን ራስህ አስረክበህ ወጣህ አለችኝ። ላለፉት ሁለት ሦስት ዓመታትም ከፊትህ ካለው መኪና የምትርቀውን ርቀት እያሰፋህ፣ እያሰፋህ ሄደህ ተሳፋሪው ቀርፋፋው እያለ ይቀልድብህ እንደነበር ነገረችኝ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ግን ኮራሁብህ። ሰው ላይ ጉዳት ከማድረስ ቀርፋፋ መባልን መረጥክ፤ ያንን ከማን እንደተማርከው እኔ አውቃለሁ።

ጥናቱ በሚመጣው ወር ይጀመራል። የሚፈልጉት ምልክቱ ገና ያልጠናባቸውን የበሽተኛ ልጆች ነው። ደም ይወስዳሉ፣ ጣት በጣት ያስነካሉ፣ መስመር ላይ ያስኬዳሉ። ሐኪሟ ይድናሉ ብላ አልማለችልኝም፤ ሊያዘገየው ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል አለች። ለእኛ ባይደርስ እንኳ ለሴቶች ልጆችህ ይደርስ ይሆናል። ይህንንም አስበው።

ባለፈው እሑድ ሱቁን ዘግቼ ዋልኩ። ዘንድሮ የሰፋሁትን የራሴን ቀሚስ ፈታሁ። የአምናውንም ፈታሁ፤ የዛሬ ስድስት ዓመቱንም። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጌ ትርፋቸውን ለካሁ፤ እኩል አይደለም። ከዚያ መልሼ ሰፋኋቸው፤ አሳምሬ ነው የሰፋኋቸው፣ ማንም ቢያይ ነቅሶ አያወጣም። ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ይመዘገባል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እጄን ያዘችና ይመዘገባል አለችኝ።

ቀጠሮው የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አዲሱ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ያሉት ወንበሮች ሁለት ሁለት ሆነው የተያያዙ ናቸው። ለራስህ ስትል ና አልልህም፤ ለራስህ ብለህ ያደረግከው ነገር የለም፣ አውቅሃለሁ። እኔን ልታጅበኝ ና። እዚያ ብቻዬን መቀመጥ ፈራሁ፤ ይኸው ተናገርኩት። በሩ ላይ እነማን ናችሁ ብለው ሲጠይቁን የልብስ ሰፊው ልጆች ነን እንላቸዋለን። እዚያ ያውቁታል።

አምላክ እጅህን ያጽናልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ። ባለቤትህን ከጤና ጋር፣ ልጆችህን ከዕድሜ ጋር ይባርክልህ። በዓይነ ሥጋ እስክንገናኝ ድረስ ደህና ሁንልኝ።

ታናሽ እህትህ