ካሴቱ የቆረጠብን መጨረሻ

ሆዴ፣ የልጄ አባት፣

ከሄድህ ሦስት ክረምት አለፈ። ሰው ሲቆይ ዝምታን ይለምዳል ይላሉ፤ እኔን ታውቀኛለህ፣ አልለመድሁም። ከትናንት ወዲህማ መቀመጥ አቅቶኝ ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ እላለሁ። የምነግርህ አለኝ!

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። አጥሩን በቆርቆሮ አስለወጥሁት። ቀይዋ ላም ወለደች። ካርታህ ዛሬም ከግድግዳው አልወረደም። ልጃችን ሰላም ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታለች፤ ያን ተበላሽቶ የተቀመጠ ቴፕህን መካነ ኢየሱስ ገበያ ወስዳ አሠራችው።

ከደብረ ታቦር ከቴፑ ጋር ያመጣኸውን ስም የለሽ ካሴት መቼም አልረሳኸውም። ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው፤ የፈረንጅ መሣሪያ ብቻ። እኔ ይሄ ምኑ ዘፈን ነው ብዬ ስስቅ፣ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ወንዝ ታየኝ አልኸኝ፤ የሞላ ወንዝ፣ ዳር ቆሞ ውሃው እስኪጎድል የሚጠብቅ ሰው። እኔም ሳደምጠው ውድማ ታየኝ፤ በሬዎቹ ሲዞሩ፣ ደመናው ከወደ ስማዳ ሲመጣ፣ ሰዉ ገብሱን ለማስገባት ሲራወጥ። አንቺ ከእህል ሌላ አይታይሽም ትለኛለህ፤ የጂኦግራፊ መምህር ከወንዝ ሌላ ምን ያያል እልሃለሁ። ስንት እሁድ ተከራከርንበት!

ጉዱ፣ ካሴቱ መጨረሻ የለውም። መሣሪያው ሁሉ ሲያጉረመርም ቀጥ ይላል። ሰውየው ተሻገረ? ገብሱ ገባ? በዚያ በመጨረሻው ሕመምህ እንኳ ይሻገራል፣ ታያለሽ ትለኝ ነበር።

ትናንት ሰላም ስልኳን ከቴፑ አስጠጋች። ስልኩ ሙዚቃውን ለይቶ ሙሉውን አወጣው። ደነገጥሁ። ያላንተ መስማት ክህደት መሰለኝና ዝጊው አልኋት። ወጣሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። አላስችል አለኝ፤ ክፈቺው አልኋት!

ካሴቱ የሚቆርጥበትን አለፈ። ከበሮው ሲያጓራ ዝናቡ መጣ ብዬ ብድግ አልሁ። ከዚያ ሁሉም ቀስ በቀስ ጸጥ አለና እንደ ዋሽንት ያለ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ቀረ። ሰውየው ታየኝ። እስከ ወገቡ ረጥቦ፣ ጋቢውን እየጨመቀ፣ ማዶ ቆሟል። ፊቱን ሲያዞር አንተ ነህ።

ተሻግሯል፤ ረታኸኝ። አጠገቤ ብትሆን ግን እሺ አልልህም ነበር። ሰላም ምን ታየሽ ስትለኝ እንኳ ውድማ አልኋት፤ እየሳቅሁ፣ እንባዬ እየወረደ።

ይሄ ሙዚቃ በተከፈተ ቁጥር ከወዲህኛው ዳር ቆሜ አይሃለሁ። ይኸው ቃሌ ነው፣ አልረሳህም። ዛሬም አስከፍተዋለሁ፤ ገብሱ ይግባ አይግባ ገና አላወቅሁም። አንተን ሳይ ረሳሁት።

ዛሬም የምትከራከርህ
ሚስትህ