የረቡዕ ነጥብ

ኦክቶበር 11

ዝናብ። ሱቁ ውስጥ መቀመጫ እንኳ ጠፍቶ ዋለ... በረዶ ሳይጥል ሁሉም የብስክሌቱን ጎማ ማስቀየር አማረው።

ልጄ ሳይሚ ከትምህርት ቤት ስትመለስ "ገባሁ" ብላ መጻፍ ነበረባት። አልጻፈችም። ደወልኩ፣ አታነሳም። ሱቁን ዘግቼ በረርኩ። ልጅት የቤቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጎረቤት ግቢ ዛፍ ላይ ቁጭ!

"ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው" አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ወደ ቱርኩ ከተማ ከሄደች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ኦክቶበር 12

እህቴ ራይሊ ደወለች። ነገርኳት... ምን አቀበጠኝ!

"ኤሳ፣ እስካሁን መከታተያ አልጫንክባትም? ጤነኛ ነህ አንተ ሰውዬ?"

የእሷ መተግበሪያ የልጇን መልእክት ሁሉ ያነባል፣ የሰረዘውን ሳይቀር። "እሱ አያውቅም" አለች፣ በኩራት።

ኦክቶበር 13

የምሳ ሰዓቴን በመተግበሪያ ፍለጋ ፈጀሁት። አንዱ መልእክት ያነባል። አንዱ ደግሞ ስልኩ አጠገብ የሚወራውን ያዳምጣል፣ ጉድ ነው! "ልጅዎ ምንም አያውቅም" ይላል ማስታወቂያው። ልጄ ሌባ ናት እንዴ? ሦስተኛው የት እንዳለች በካርታ ላይ በነጥብ ያሳያል፣ በቃ። ይሄ ይሻላል። ግን ተደብቄ አልጭነውም፣ ነግሬያት ነው።

ከሥራ በኋላ አባቴ ጋ። እንደ ሁልጊዜው ረቡዕ። "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አለኝ ዛሬም። አረጋውያን ማረፊያ ከገባ አምስት ወሩ። ሳይሚ አታውቅም... አያቷ ሰሜን፣ ስልክ የማይሠራበት ጎጆ ውስጥ ዓሣ እያጠመደ ይመስላታል። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኳት። ረቡዕ ደግሞ "ዕቃ ቆጠራ አለብኝ" እላታለሁ። ዓሣ ማጥመድ ያስተማራት እሱ ነው፤ "ማን ነሽ?" ቢላት ልጄ ምን ትሆናለች? ትንሽ ትደግ እስቲ።

ኦክቶበር 14

ሐሙስ፣ እንደ ወጉ የአተር ሾርባ። እየበላን የመተግበሪያውን ነገር ነገርኳት። ሾርባዋን እያማሰለች አሰበች።

"እኔስ?"

"እንዴት እኔስ?"

"አንተ እኔን ካየኸኝ እኔም አንተን አይሃለሁ። እኩል ነው መሆን ያለበት።"

ሳቄ መጣ። ብስክሌት ጠጋኝ ምን ይደብቃል? እሺ አልኩ። የእሷ ነጥብ ቢጫ፣ የእኔ ሰማያዊ። ተጨባበጥን።

ኦክቶበር 20

ማረፊያው በር ላይ ስደርስ ነጥቤ ትዝ አለችኝ። ክው አልኩ። ስልኩን ላጥፋው? ብታይስ?... ተውኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካርታ ላይ አፍጥጣ አትውልም።

ኦክቶበር 27

"አባዬ፣ ዕቃ ቆጠራው አላለቀም?"

"አላለቀም።"

"ብዙ ዕቃ ነው" አለችና አየችኝ። ከዚያ ወደ መጽሐፏ።

ኖቬምበር 10

የማርቲዎች የስም ቀን፤ በቀን መቁጠሪያው ማርቲ የተባለ ሁሉ እንደ ልደት የሚከበርበት። አባቴም ማርቲ ነው። ከሥራ በኋላ ልሄድ አስቤ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስልኬን ሳይ ቢጫዋ ነጥብ ቤት የለችም። አውቶቡስ ላይ ናት። ሄደች፣ ሄደች... የእኔ ነጥብ ረቡዕ ረቡዕ የምትቆምበት ቦታ ቆመች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው በካርታ ጠራ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሳይሚና አባቴ ካርታ እየተጫወቱ ነው። የቀረፋ ዳቦ ይዛለት መጥታለች፣ ጢሙ ላይ ስኳር።

"ማን ነሽ?" አላት፣ እኔ በር ላይ ቆሜ።

"ሳይሚ። የኤሳ ልጅ። ተራው ያንተ ነው፣ ጣል።"

ጣለ። ሳቀም።

ኮሪደሩ ላይ ጠየቅኋት። "ደጋግሞ አልጠየቀሽም?"

"ጠይቆኛል። ደጋግሜ ነገርኩት። ምን ችግር አለው?" ከዚያ አፈጠጠችብኝ። "በስም ቀኑ እኔ ሳልመጣለት ልቀር ነበር! ሁልጊዜ ለእኔ የስም ቀን ይመጣ የለ? ነጥብህ የምትቆምበት ቦታ ካርታው ላይ 'የአረጋውያን ማረፊያ' ይላል፤ ለምን ዋሸኸኝ?"

"እንዳታዝኚ ብዬ..."

"እኔ እንዳላዝን ነው ወይስ አንተ?"

እኔ ነኝ። "ማን ነሽ?" ሲላት ቆሜ ማየት የፈራሁት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት። እጄን ይዛ ወደ አያቷ ክፍል ጎተተችኝ።

ኖቬምበር 11

የአተር ሾርባ።

"መተግበሪያውን ላጥፋው?" አልኳት።

"የእኔን አጥፋው። ያንተን ተወው።"

"ለምን?"

"ገና አላመንኩህም።"

ደረቅ አድርጋ። ሾርባዋን ቀጠለች። የእሷን አጠፋሁ።

ኖቬምበር 17

በረዶ ጣለ። መንገዱ ያንሸራትታል፣ ደክሞኛል... ዛሬ አባቴ ጋ ብቀርስ? እሱ እንደሆነ መምጣቴንም አያስታውስ። ከሥራ ወጥቼ ብስክሌቴን ወደ ቤት መንዳት ጀመርኩ። ስልኬ ጮኸ።

"አባዬ፣ ነጥብህ ወደ ቤት እየሄደች ነው። ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።"

"በረዶው... አንቺ የት ነሽ?"

"አያቴ ጋ ነዋ። ማን ነው የሚመጣው እያለኝ ነው። ልጅህ ነው አልኩት።"

ብስክሌቴን አዞርኩ።